ከመክፈላችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ራሱን ጠይቁት

ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዙ ስትሄዱ የምታምኑት ማንን ነው? ሻጩን? ወይስ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት?

በማኅበራዊ ሠራተኝነት በማገለግልበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የማውቃቸው ሦስት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ለወራት ያጠራቀሙትን ብር አዋጥተው አንድ ኮምፒውተር ገዙ። ወረቀቱ «ራም 8 ጊጋ ባይት» ይላል። ቤት ወስደው ሲያዩት 4 ሆኖ ተገኘ። ሲመለሱ ሻጩ «አይታችሁ አይደል የወሰዳችሁት?» አላቸው። እውነት ለመናገር ማን አሳያቸውና! ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ራሳችን እንዴት እንደምናይ እንማራለን።

ለዚህ የሚረዳን ኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። እኛን የሚጠቅመን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ መሥራቱ ነው። 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ይበቃል። ማባዛት የተፈቀደ ስለሆነ አንዱ ካዘጋጀው ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ይዳረሳል።

ሱቅ ስትደርሱ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ፍላሹን ሰኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንደየዓይነቱ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኤስኬፕ ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። ከዚያ «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ንኩ። «ኢንስቶል» የሚለውን ግን እንዳትነኩ፤ የሰው ዲስክ ነው።

አሁን «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «አባውት» በሉ። በቆዩት እትሞች «አባውት» እዚያው ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አለ። የሜሞሪው፣ የፕሮሰሰሩና የዲስኩ ልክ ይወጣል። ይህን የሚነግራችሁ ከርነሉ ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ለይቶ የሚመዘግበው የሲስተሙ እምብርት። 8 መሆን የነበረበት 7.6 ቢል አትደንግጡ፤ ከሜሞሪው ጥቂቱን ለግራፊክስ ስለሚያስቀር ነው። 4 ካለ ግን ያው 4 ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ዲስኩን ነው፤ እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት የማየው እሱን ነበር። ራም ቢያንስ በኋላ ይጨመራል፣ ዲስክ ሲሞት ግን የጻፋችሁትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ዲስኩን ምረጡ፣ ከሦስቱ ነጠብጣቦች ሥር «ስማርት ዳታ» የሚለውን ንኩ። «ፓወር ኦን አወርስ» ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል። 20,000 ሰዓት ቢል፣ በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ ለነበረ ኮምፒውተር 2,500 ቀን፣ ማለትም ወደ 7 ዓመት ገደማ ነው። «አዲስ ነው እኮ» የተባላችሁትን ከዚህ ጋር አስተያዩት! «ሪአሎኬትድ ሴክተር ካውንት» ደግሞ የተበላሹና በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ብዛት ነው። 0 ቢሆን ጥሩ ነው። ከፍ ያለ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ዲስክ ይቀየርልን በሉ።

ሻጩ «ፍላሽ አይሰካም፣ ቫይረስ ያስገባል» ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩ የሚነሳው ከፍላሹ እንደሆነና ዲስኩ ላይ ምንም እንደማትጽፉ በትሕትና አስረዱት። አሁንም እምቢ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።