ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ወተት ለመቀበል የሚዘጋጀው መቼ ነው?

ሕፃን በእናቱ ማኅፀን የሚቆይበት ጊዜ፣ ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲቆጠር፣ 40 ሳምንት ያህል ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ እንደ ሆነ ያለ ጊዜው የተወለደ ይባላል። እንዲህ ያለ ሕፃን በተወለደ ጊዜ እናቲቱም ቤተ ዘመዱም አስቀድመው የሚጠይቁት «መቼ ይጥባ? ምንስ እንስጠው?» እያሉ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልሱ የሚገኘው ከቤተ ዘመዱ ጭንቀት ሳይሆን ከሕፃኑ ሰውነት መሆኑን በዚህ ትምህርት ለመግለጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ጨጓራ ጥቂት እንናገር። ጨጓራ ምግብ የሚጠራቀምበት ከረጢት ብቻ አይደለም፤ እንደ ልብ ሁሉ የራሱ የሆነ ምት አለው። በግድግዳው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያመነጩ ልዩ ሕዋሳት ይገኛሉ። ይህ ሞገድ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ወደ ታችኛው የጨጓራ በር ይወርዳል፤ ምግብ በገባም ጊዜ ጡንቻው ምቱን ተከትሎ እየተኮማተረ ምግቡን ይፈጨዋል፤ በጥቂት በጥቂቱም ወደ አንጀት ያሳልፈዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ዋልተር አልቫሬዝ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ምት ከሆድ ቆዳ ላይ በመሣሪያ መዝግበው አሳይተዋል። ከመረመሯቸው ሰዎች መካከል የአንዲት አሮጊት ሆድ እጅግ ስስ ስለ ነበረ የጨጓራቸው እንቅስቃሴ በዓይን ጭምር ይታይ ነበር።

ይኸው ምት ያለ ጊዜው በተወለደው ሕፃን ዘንድም አለ። ነገር ግን ገና አልጸናም፤ አንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል፤ ሳምንቱ በጨመረ ቁጥር ግን እየተስተካከለ ይሄዳል። አንጀቱም ምግቡን ተራ በተራ የሚገፋበት ሥርዐት ገና አልተሟላለትም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወተት በአንድ ጊዜ ቢሰጡት ሆዱ ይነፋል፤ ያስመልሰዋልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ የጨጓራ ዝግጁነትና የአፍ ዝግጁነት በአንድ ቀን አይመጡም። ሕፃን ጡት ለመጥባት መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስማማት አለበት። መሳብና መዋጥን በማኅፀን ሳለ ቢጀምራቸውም፣ ሦስቱን አስማምቶ ማከናወን የሚጀምረው በአብዛኛው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ከተወለደ በኋላ ያለፉት ሳምንታት በማኅፀን ከቆየባቸው ጋር ተደምረው ነው። ከዚያ በፊት በአፉ ወተት ቢያፈስሱበት ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ጨጓራው ግን ከአፉ ቀድሞ ጥቂት ወተት ለመቀበል ይበቃል። ሐኪሞች በአፍንጫው ወይም በአፉ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ጨጓራው ድረስ የሚያስገቡት ስለዚህ ነው። እናት ቱቦውን ባየች ጊዜ ተስፋ መቁረጥ አይገባትም፤ ቱቦው የሕፃኑ አፍ እስኪበረታ ድረስ የሚያገለግል ነውና።

ሕፃኑ እስኪበረታ ሆዱን ባዶ ማቆየትም መልካም አይደለም። ባዶውን የሰነበተ አንጀት ሽፋኑ ይሳሳል። ጥቂት ወተት ግን፣ ሕፃኑን ባያጠግበውም፣ ጨጓራውንና አንጀቱን ሥራ ያስለምዳቸዋል። ስለዚህ እጅግ ትንንሽ ለሆኑት ሕፃናት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም ለአንድ ኪሎ ሕፃን የሙሉ ቀኑ ድርሻ ከ2 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ልኩን የሚወስነውና የሚጨምረው ግን ሐኪሙ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የእናቱ ወተት ነው። ከዱቄት ወተት ይልቅ ፈጥኖ ከጨጓራ ያልፋል፤ ከብርቱ የአንጀት በሽታም ይጠብቃል። ስለዚህ እንገሩን ቆሻሻ ነው ብሎ ማፍሰስ ትልቅ ጥፋት ነው። ቅቤ ማስዋጥ፣ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠትም ፈጽሞ አይገባም።

ሕፃኑ ለመጥባት መዘጋጀቱን የሚያሳውቁ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ በጸጥታ ዓይኑን ገልጦ መቆየት።

2ኛ፤ እጁን ወደ አፉ መውሰድ፣ ምላሱን ማውጣት፣ ከንፈሩን መምጠጥ።

3ኛ፤ ጉንጩ ሲነካ አፉን ከፍቶ ወደ ተነካበት መዞር።

4ኛ፤ ወተቱ ከታለበ ጡት ላይ ሲያስጠጉት አተነፋፈሱ ሳይዛባ መሳብ።

ልቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እስኪያለቅስ መጠበቅ ጉልበቱን ያደክመዋል። ሲጠባ ፊቱ ቢጠቁር ወይም ትንፋሹ ቢቋረጥ ወዲያው ከጡት አላቅቆ አስታማሚዋን መጥራት ይገባል። ሆዱ ቢነፋና ቢጠነክር፣ አረንጓዴ ቢያስመልስ፣ በዓይነ ምድሩም ደም ቢታይ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

እነዚህን ምልክቶች ከማንም ቀድማ የምታይ ሕፃኑን በደረቷ የታቀፈች እናት ናት። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ሕፃኑን ራቁቱን ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ ማቀፍን ጀመሩ፤ ይህም የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህ እንክብካቤ ወዲያው ከተወለደ በኋላ እንዲጀመር፣ በቀንም ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን መክሯል። ሙቀት ያገኘ ሕፃን ጉልበቱን ለማደግ ያውለዋል፤ ጡቱም ቅርቡ ነው።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፣ በሕፃኑ ላይ አትቸኩሉ። ወተታችሁን በየ3 ሰዓቱ በንጹሕ እጅ እያለባችሁ ጠብቁት። ጨጓራው ምቱን፣ አፉም ሥራውን በየሳምንቱ ይማራል፤ የእናንተ ድርሻ ምልክቱን በትዕግሥት መጠበቅ ነው።