ይህ የኤክሴል ፋይል ለምን ተሠራ?



ኤክሴል ያልነካ ተማሪ በግቢያችን ጥቂት ነው። ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት «ዓላማው ምንድን ነው? ምን ያህል ድካም ይገባዋል?» ብሎ የሚጠይቅም እንዲሁ ጥቂት ነው። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሥራዎቹን በሦስት ከፍለን እንያቸው።

1ኛ. የአንድ ጊዜ ስሌት፦ ለላብ ሪፖርት አማካይ እንደማውጣት ያለ ነው። የሠራውም የሚጠቀምበትም አንድ ሰው ነው። ደቂቃዎች ይበቁታል፤ አንዱን መልስ በካልኩሌተር ማመሳከር ግን አይቅር።

2ኛ. ተደጋጋሚ መሥሪያ፦ በየሴሚስተሩ ውጤት የምናሰላበት ወይም የጀመዓው ወርሃዊ መዋጮ የሚመዘገብበት ነው። ሰዓታት ይወስዳል። የሚለዋወጡ ቁጥሮች በየራሳቸው ሴል ይቀመጣሉ እንጂ ፎርሙላ ውስጥ አይቀበሩም።

3ኛ. ሌሎች የሚወስኑበት ሞዴል፦ የሕንፃ ዲዛይን ወይም የወጪ ግምት ነው። ቀናት ይፈልጋል። ግብዓት፣ ስሌትና ውጤት በተለያየ ሺት ይሠራሉ፤ መልሱ በሚታወቅ ምሳሌ ይፈተናል፤ ሌላ ሰውም ይመረምረዋል።

አደጋው የሚመጣው አንደኛው ዓይነት ፋይል እንዳለ ለሦስተኛው ሥራ ሲውል ነው። በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለራሴ አሳይመንት በሠራሁት የቢም ስሌት ርዝመቱን 5 ሜትር ብዬ ፎርሙላው ውስጥ ጽፌው ነበር። ያንኑ ፋይል ለቡድን ፕሮጀክት ሰጠሁ፤ የፕሮጀክቱ ቢም ግን 6 ሜትር ነበር። በሁለት ጫፉ ለተደገፈ ቢም ትልቁ ሞመንት የሚገኘው በሜትር ያለው ጭነት በርዝመቱ ስኩዌር ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል ነው። ጭነቱ በሜትር 20 ኪሎ ኒውተን ስለነበር መልሱ 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር መሆን ሲገባው ፋይሉ 62.5 አለን። በማስረከቢያው ዋዜማ በእጇ ያሰላች እህት ባትደርስልን ኖሮ ደካማ ቢም ይዘን እንቀርብ ነበር።

ይህ የተማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይተላለፉ ነበር። አንድ ሺት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ 15,841 የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የመፈለጉ ሥራም ዘገየ።

ስለዚህ ፋይል ስንቀባበል አናቱ ላይ እንጻፍበት፦ ለምን ተሠራ? ማን መረመረው? ማንም ካልመረመረው «አልተመረመረም» እንበል። ሌላው የሚተማመንበት ቁጥር አማና ነውና።