194,313 ለምን ለ7 ይካፈላል?

ጥያቄ፦ ሞጣ የምኖር ተማሪ ነኝ። አያቴ የበዓላት ቀመር በየ532 ዓመቱ ይደገማል ይላሉ። ቀኖቹን ባሰላ 194,313 ሆኑ፤ ለ7ም ያለ ቀሪ ተካፈሉ። አጋጣሚ ነው?

መልስ፦ አጋጣሚ አይደለም። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ጨምሮ አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው። 532 ዓመት ደግሞ አራት ዓመት 133 ጊዜ ነው። 1,461 የ3 እና የ487 ብዜት ስለሆነ 7 የለበትም፤ 133 ግን 7 × 19 ነው። ዕለታቱን ወደ ቦታቸው የሚመልሰው ይህ 7 ነው፤ 19ኙ የጨረቃን ዑደት ይጠብቃል። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሦስቱን የሚያስማማ ከ532 ያጠረ ዑደት አይገኝም፤ ለእኔ እጅግ የሚያምረው ይህ ነው። እርስዎም ያረጋግጡ፦ የ2000 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 19 ዋለ፤ በቀመሩ የ1468ም እንዲሁ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን የቀመሩን ቁጥሮች ማውጣት ግን ከባሕረ ሐሳብ መምህር አፍ ቢማሩት ይሻላል፤ ወደ ቢቸና ሲሄዱ የዲማ ጊዮርጊስን ሊቃውንት ይጠይቁ።