የቪዲዮ ኮንፈረንስ፦ ገዝቶ መያዝ ወይስ ለሌላ በውል መስጠት?

በአንድ ከተማ ተወስኖ የሚሠራ ድርጅት ሠራተኞቹን ማወያየት ሲፈልግ በአንድ አዳራሽ ይሰበስባቸዋል። በብዙ አገሮች ፋብሪካ፣ ቤተ ሙከራና ጽሕፈት ቤት ያለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ ግን ሰዎቹን በአውሮፕላን ማመላለስ፣ አለዚያም ምስላቸውንና ድምፃቸውን በኤሌክትሪክና በብርሃን ምልክት አማካይነት ማመላለስ ይኖርበታል። ሁለተኛው መንገድ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ «ፒክቸርፎን» የሚል ስም የሰጠውን የምስል ስልክ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ለሕዝብ አሳየ፤ በ1970ም በፒትስበርግ ከተማ ለገበያ አቀረበው። ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ፣ በምስል ሊደወልለት የሚችለው ሰውም ጥቂት ስለነበር ሳይስፋፋ ቀረ።

ዛሬ ቴክኖሎጂው በእጅ ስልክ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ያለው ዋና ጥያቄ መሣሪያውን ገዝቶና ባለሙያ ቀጥሮ አገልግሎቱን ራሱ ያካሂደው ወይስ ለዚሁ ለተቋቋመ ሌላ ድርጅት በውል ይስጠው የሚለው ነው። ሥራን እንዲህ ለውጭ አካል መስጠት «አውትሶርሲንግ» ይባላል። ጥያቄው የሥራ አመራር ጥያቄ ብቻ ይመስላል። መልሱ ግን በአብዛኛው በፊዚክስና በሒሳብ ላይ የቆመ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

ምስል ምን ያህል ይከብዳል?

አንድ ዲጂታል ምስል የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው። በቀደሙት የቪዲዮ ኮንፈረንስ መሣሪያዎች የተለመደው ምስል በአግድም 352፣ በቁመት 288 ነጥቦች ነበሩት፤ ይህም በድምሩ 101,376 ነጥብ ነው። የሰው ዓይን ከቀለም ልዩነት ይልቅ የብርሃንና የጥላን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ የቀለሙን መረጃ መቀነስ ይቻላል። በዚህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ 12 ቢት ይበቃል። በሰከንድ 30 ምስሎች የሚተላለፉ ከሆነ፦

101,376 × 12 × 30 = 36,495,360 ቢት በሰከንድ

ማለትም 36.5 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። በ1990ዎቹ ኩባንያዎች ለዚህ ሥራ ይከራዩት የነበረው መስመር ግን ብዙ ጊዜ 384 ኪሎቢት በሰከንድ ብቻ ያስተላልፍ ነበር። ስለዚህ ምስሉ 95 ጊዜ ያህል መታመቅ ነበረበት። ይህ የተቻለው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ የማይለወጠውን ክፍል ደግሞ ባለመላክ ነው። ከተናጋሪው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሱት ከንፈሩና እጁ ናቸው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኤች.261 እና ኤች.264 የተባሉትን መስፈርቶች ያወጣው የተለያዩ አምራቾች ይህን የማመቅ ሥራ በአንድ ቋንቋ እንዲሠሩ ነው።

መዘግየት፦ በገንዘብ የማይገዛው ጊዜ

የመስመር አቅም በገንዘብ ይጨመራል፤ የብርሃን ፍጥነት ግን አይጨመርም። በፋይበር መስታወት ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በካሊፎርኒያ በምትገኘው ፓሎ አልቶና በሕንድ በምትገኘው ባንጋሎር መካከል ያለው አጭሩ ርቀት ወደ 14,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ምልክቱ ቢያንስ 70 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። እውነተኛው የባሕር ሥር መስመር ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ማመቅና መፍታትም የየራሳቸውን ጊዜ ይወስዳሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በአንድ አቅጣጫ የሚፈጠረው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከዚህ ሲያልፍ ተነጋጋሪዎች ሳያውቁት የአንዱን ንግግር ሌላው ማቋረጥ ይጀምራል።

በሳተላይት የሚደረገው ውይይት ከዚህም ይብሳል። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት ወጥቶ የሚወርድ ምልክት 72,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም 240 ሚሊሰከንድ ነው። ጥያቄና መልሱ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋሉ። በአገራችን በሳተላይት በተገናኙ የወረዳኔት ጣቢያዎች በቪዲዮ የተሰበሰበ ሰው ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ የምትመጣውን ያቺን አጭር ዝምታ ያስታውሳታል። ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ፣ የቱንም ያህል ቢከፈለው፣ ከዚህ ወሰን በታች ሊወርድ አይችልም። ሊሸጥ የሚችለው ከዚህ ወሰን በላይ የሚባክነውን ጊዜ የመቀነስ ችሎታ ብቻ ነው።

ከሁለት በላይ ሲሆኑ

ሁለት ክፍሎች ብቻ ቢገናኙ አንድ መስመር ይበቃል። ስድስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር በቀጥታ ይገናኙ ከተባለ ግን የሚያስፈልጉት መስመሮች 6 × 5 ÷ 2 = 15 ናቸው፤ ለአሥር ክፍሎች 45 ይሆናሉ። በመካከል አንድ ማዕከላዊ መሣሪያ ቢቀመጥና ሁሉም ወደ እርሱ ቢልኩ ግን ለስድስቱ 6፣ ለአሥሩ 10 መስመር ይበቃል። ይህ መሣሪያ በሙያው ቋንቋ «ድልድይ» ይባላል። የሁሉንም ምስልና ድምፅ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱም የሚገባውን መልሶ ይልካል።

አገልግሎቱን ለውጭ ድርጅት የመስጠት ሐሳብ መሠረት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ድልድዩ ውድ ነው፤ ሆኖም አንድ ኩባንያ ቀኑን ሙሉ አይጠቀምበትም። ቶኪዮ ሲመሽ ለንደን ይረፍዳል፤ የአንዱ ደንበኛ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ የሌላው ይጀምራል። ብዙ ደንበኞች ያሉት አገልግሎት ሰጪ በአንድ መሣሪያ ብዙዎችን በተራ ስለሚያገለግል ወጪው ለሁሉም ይከፋፈላል።

የሰንሰለቱ ሒሳብ

አንድ ስብሰባ እንዲሳካ ቢያንስ አራት ነገሮች በአንድ ጊዜ መሥራት አለባቸው፦ የዚህኛው ክፍል መሣሪያ፣ የሕንፃው ኔትወርክ፣ የረጅም ርቀቱ መስመርና የወዲያኛው ክፍል መሣሪያ። እያንዳንዳቸው ከመቶ 99 ጊዜ ይሠራሉ እንበል። አንድም ሳይበላሽ ስብሰባው የሚሳካበት ዕድል 0.99 × 0.99 × 0.99 × 0.99 = 0.96 ገደማ ነው። ይህ ማለት ከ25 ስብሰባዎች አንዱ ይበላሻል ማለት ነው። የእያንዳንዱ አስተማማኝነት ወደ 99.9 በመቶ ቢያድግ ግን የሚበላሸው ከ250 ስብሰባዎች አንዱ ይሆናል።

አራቱ ነገሮች በአራት የተለያዩ ክፍሎች ኃላፊነት ሥር ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ስብሰባው ሲቋረጥ የኔትወርኩ ክፍል መሣሪያውን፣ የመሣሪያው ክፍል የስልክ ኩባንያውን ይወቅሳል። ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለአንድ አካል አደራ መስጠት የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም የሚጠየቀው አንድ መሆኑ ነው።

የሃሎ ክፍሎች ታሪክ

ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው የወሰደው ሃሎ የተባለው አገልግሎት ነው። ድሪምዎርክስ የተባለው የካርቱን ፊልም ኩባንያ በካሊፎርኒያ በግሌንዴልና በሬድዉድ ሲቲ ሠራተኞች ነበሩት። «ሽሬክ 2» የተባለው ፊልም ሲሠራ እነዚህን ቡድኖች ሳያመላልስ ለማወያየት አንድ ሥርዓት አዘጋጀ። ከዚያም ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ተባብሮ አሳደገው፤ ሂውሌት ፓካርድም በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው።

የሃሎ ክፍሎች በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ጠረጴዛው፣ የግድግዳው ቀለምና መብራቱ ሳይቀሩ ይመሳሰላሉ። ስድስት ሰዎች በአንድ በኩል ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው በተደረደሩት ሦስት ትላልቅ ስክሪኖች ላይ የሌላው አገር ሰዎች በትክክለኛ ቁመናቸው ይታያሉ፤ ከላይ ያለው አራተኛ ስክሪን ሰነድ ያሳያል። ምልክቱ በኢንተርኔት ሳይሆን ለዚሁ ብቻ በተዘረጋና በሰከንድ 45 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይጓዝ ነበር። ደንበኛው ኔትወርኩን አይነካም፤ መስመሩን የሚጠብቁትና ችግር ሲፈጠር የሚደርሱት ሌት ተቀን የሚሠሩ የሂውሌት ፓካርድ ባለሙያዎች ነበሩ።

ዋጋው ሲጀመር ለአንድ ክፍል 550,000 ዶላር ያህል፣ ለወርኃዊ አገልግሎት ደግሞ 18,000 ዶላር ያህል ነበር። አንድ ኩባንያ ሁለት ክፍሎችን ለሦስት ዓመት ቢይዝ፦

ለክፍሎቹ 2 × 550,000 = 1,100,000 ዶላር
ለአገልግሎት 2 × 18,000 × 36 = 1,296,000 ዶላር
በድምሩ 2,396,000 ዶላር

አንድ የአህጉር ተሻጋሪ ጉዞ 5,000 ዶላር ያስወጣል ብለን ብናስብ ወጪው የሚመለሰው በሦስት ዓመት ውስጥ 480 ያህል ጉዞዎች ከቀሩ፣ ማለትም በየወሩ 14 ያህል ሰዎች ከመሄድ ከተቆጠቡ ነው። በወር 20 የሥራ ቀን ይዘን በየቀኑ 8 ሰዓት ከተሠራባቸው የአንድ ሰዓት ስብሰባ ዋጋ 416 ዶላር ገደማ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ከተሠራባቸው ግን 3,328 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ወጪው በአጠቃቀም ልክ አይቀንስም፤ ባዶ የዋለ ክፍልም ይከፈልበታል።

ከውሉ ጋር የሚመጣው ስጋት

ሃሎ በጥራቱ ቢደነቅም በመጀመሪያ የሚገናኘው ከሌላ የሃሎ ክፍል ጋር ብቻ ነበር። የሌላ አምራች መሣሪያ የነበራቸው ደንበኞችና አቅራቢዎች ከውጭ ቀሩ። ሲስኮ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ተፎካካሪ ሥርዓት በኩባንያው በራሱ ኔትወርክ ላይ ሊሠራ ይችል ነበር። ሂውሌት ፓካርድ በ2011 የቪዲዮ ሥራውን ለፖሊኮም በ89 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ፖሊኮምን ደግሞ በ2018 ፕላንትሮኒክስ ገዛው፤ ስሙም በ2019 ፖሊ ሆነ። ቀደም ሲል በ2015 ከሂውሌት ፓካርድ መከፈል የተገኘው ኤችፒ በ2022 ፖሊን ገዛው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ደንበኛው ውል የተዋዋለው ከአንዱ ጋር ሲሆን የሚያገለግለው ሌላ ሆኗል። አገልግሎትን ለሌላ የሰጠ ኩባንያ የአገልግሎት ሰጪውን ዕጣ ፈንታም አብሮ ይጋራል።

ሁለተኛው ስጋት ምስጢር ነው። ዙም የተባለው አገልግሎት በቀን የሚያስተናግዳቸው የስብሰባ ተሳትፎዎች በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. 10 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በሚያዝያ 2020 ወደ 300 ሚሊዮን ደረሱ። በአራት ወር ውስጥ ይህን ያህል የሚያድግ አቅም በራሱ ሊገነባ የሚችል ኩባንያ የለም፤ ይህም የተከራዩት አገልግሎት ትልቅ ብልጫ ነው። ነገር ግን በዚያው ሚያዝያ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ አንዳንድ የስብሰባ ምስጠራ ቁልፎች በቻይና ባሉ ሰርቨሮች በኩል እንደሚያልፉ አሳየ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በኅዳር 2020 ኩባንያው ስለ ምስጠራው ለደንበኞች የሰጠው መግለጫ አሳሳች ነበር ሲል ከሰሰውና ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ። ድልድዩ የሌላ ሰው ሲሆን በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ማን ሊያይ እንደሚችል መጠየቅ የተከራዩ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለቀረበው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ፍላጎቱ በድንገት የሚጨምርና የሚቀንስ፣ ክፍሎቹም በብዙ የሰዓት ክልሎች የተበተኑ ኩባንያ ከመግዛት ይልቅ መከራየት ይበጀዋል። ምስጢሩ ከዋጋው የሚበልጥበት ኩባንያ ደግሞ ቢያንስ ድልድዩንና ቁልፉን በእጁ ማቆየት ይገባዋል። በሁለቱም መንገድ ውሉ አራት ነገሮችን በግልጽ ማስፈር አለበት፦ የሚፈቀደው መዘግየትና ብልሽት በቁጥር፤ አገልግሎቱ ክፍት መስፈርቶችን መከተሉ፤ ቁልፎችና የተቀዱ ስብሰባዎች የሚቀመጡበት ቦታ፤ ውሉ ሲያበቃ የመውጫው መንገድ።

ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት ግን ዕውቀት ነው። ሥራውን ለሌላ የሰጠ ኩባንያ ሥራውን የሚረዱትን ባለሙያዎች ጭምር ካሰናበተ፣ የሚቀርብለት ቁጥር እውነት መሆኑን መለካት የሚችል ሰው አይኖረውም። የመዘግየትን፣ የማመቅንና የሰንሰለትን ሒሳብ የሚያውቅ ተማሪ ነገ በየትኛውም ወገን ቢቀመጥ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል።

ለመልመጃ ያህል አንባቢያን የሚከተሉትን እንዲሞክሩ እንጋብዛለን።

1. በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች ያሉት ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ቢላክና ለአንድ ነጥብ 12 ቢት ቢያዝ፣ ሳይታመቅ ስንት ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል? ያለው መስመር 4 ሜጋቢት ብቻ ቢሆንስ ስንት ጊዜ መታመቅ አለበት?

2. በስብሰባው ሰንሰለት ላይ አምስተኛ አባል ማዕከላዊው ድልድይ ቢጨመር፣ የእያንዳንዱም አስተማማኝነት 99 በመቶ ቢሆን፣ ከመቶ ስብሰባዎች ስንቱ ይሳካል?

3. ከላይ ባሰላነው የሃሎ ዋጋ የአንድ ጉዞ ወጪ 2,500 ዶላር ብቻ ቢሆን በየወሩ ስንት ጉዞ መቅረት ይኖርበታል? ውጤቱ የኩባንያውን ውሳኔ እንዴት ይለውጠው ይሆን?