ባልና ሚስት ወደ ባሕር ማዶ ከመሄዳቸው በፊት ሊሰናዱበት ስለሚገባ ነገር

የአዋሽ ወንዝ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነገር ግን ከባሕር አይደርስም፥ በአፋር ምድር በጂቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በሸለቆው የሚኖሩ ሰዎች ግን ባሕሩን ይሻገራሉ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎም ከሰመራም ባልና ሚስት ሆነው፥ አንዱ ለትምህርት ሌላው ለሥራ፥ ወይም አስቀድሞ የሄደ ዘመድ ጠርቷቸው፥ ለሁለትና ለሦስት ዓመት፥ አንዳንዴም ለሚበልጥ ዘመን ከአገር ይወጣሉ። ስለ ሻንጣ የሚመክራቸው ሰው ብዙ ነው፤ ሻንጣው ሳይታሰር በሁለቱ መካከል ሊነገር ስለሚገባው ነገር ግን የሚመክራቸው ጥቂት ነው።

የአፋር ሰዎች ዳጉ የሚሉት መልካም ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተሰጣጥተው አይለያዩም፤ ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ፥ ስለ ሰላሙና ስለ ጠቡ፥ ስለ ሞተውና ስለ ተወለደው በየተራ ይነጋገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ተናጋሪውም በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ሐሰተኛ ወሬ ማውራት በእነርሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፥ በባህላቸውም ያስቀጣል፤ በበረሃ ውሃ በሌለበት ውሃ አለ ብሎ መናገር ከብትንም ሰውንም ይገድላልና። ለማያውቁት መንገደኛ ይህን ያህል እውነት የሚነገር ከሆነ፥ በአንድ ትራስ ለሚተኙት ምንኛ ይገባ ይሆን! ስለዚህ እናንተ ተጓዦች፥ ወደ ፓስፖርት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት ዳጉ ተቀመጡ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው የገንዘብ ነገር ነው። ባል ለጉዞው የተበደረውን ከሚስቱ ይሰውራል፤ እንዳላሳዝናት ነው ይላል። ሚስትም ለእናቷ በየወሩ እልክልሻለሁ ብላ የገባችውን ቃል ትሸሽጋለች፤ የዕቁቧንም ዕዳ እንዲሁ። በባዕድ አገር የመጀመሪያው ደመወዝ እጅ ሲገባ ሁለቱም ምስጢር በአንድ ቀን ይወጣል፥ ያን ጊዜም የሚያስታርቅ ሽማግሌ በአቅራቢያ የለም። እኔ እንደማየው፥ በውጭ አገር የፈረሱ ብዙ ትዳሮች የፈረሱት በዚያ አገር ብርድ ወይም ልማድ አይደለም፤ ከዚህ ይዘውት በሄዱት ባልተነገረ ዕዳ ነው። እንግዲህ ወረቀት አውጡና ጻፉ፤ ለማን ስንት ብር ዕዳ አለ፥ ለባል ወላጆች በየወሩ ስንት፥ ለሚስት ወላጆች ስንት ይላካል፥ ለራሳችሁስ ምን ይቀራል። የሁለቱ ወገን ድርሻ እኩል ባይሆን እንኳ ምክንያቱ ለሁለታችሁም የታወቀ ይሁን።

ቀጥሎ የዘመኑ ርዝመት ነው። መንገደኛ የሚመለስበትን ቀን ሲናገር ሁልጊዜ ያሳጥረዋል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በዚሁ በአዋሽ መስመር ወደ ጂቡቲ ወረዱ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም አቀኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ለማለት ሄዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ፥ አዲስ አበባ ተመልሰው የገቡት ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያ ስደት ውስጥ እቴጌይቱ በኢየሩሳሌም፥ ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ተለያይተው የኖሩበት ወራት ነበረ። የነገሥታት ስደትና የእኛ ጉዞ አንድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በቤተ መንግሥት የደረሰው መለያየት በእኛም ቤት ሊደርስ ይችላል። ለአንዳችሁ ቪዛ ተሰጥቶ ሌላው ቢከለከል ምን ታደርጋላችሁ? የተፈቀደለት ቀድሞ ይሄዳልን? የቀረው ስንት ወር ይጠብቃል? ከዚህ አንዱ ወላጅ ቢሞት የሚመለሰው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች አሁን ሲጠየቁ ቅር ያሰኛሉ፥ በኋላ ሲጠየቁ ግን ያጣላሉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በእኛ አገር ሚስት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ፈረንጆች የቤተሰብ ስም በሚሉት ቦታ የእኛ የአያት ስም ስለሚገባ፥ ባል በአያቱ፥ ሚስት በአያቷ፥ ልጅም በራሱ አያት ይጠራል፤ የአንድ ቤት ሦስት ሰዎች በሦስት የቤተሰብ ስም ይጻፋሉ ማለት ነው። የውጭ አገር ሹም ይህን ሲያይ፥ እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ባልና ሚስት ናቸውን? ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የሚመልስላችሁ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ነው። ጋብቻችሁ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሸሪዓ ወይም በባህል ተፈጽሞ ቢሆንም፥ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ በተቋቋመው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ማስመዝገብ፥ ወረቀቱንም አስተርጉሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ ስም አጻጻፍም ተጠንቀቁ። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ዓሊ የሚባል ሰው ስሙን በአፋርኛ ሲጽፍ ኪው በተባለው ፊደል ይጀምራል፥ በእንግሊዝኛ ልማድ ግን በኤ። በትምህርት ወረቀቱ በአንዱ፥ በፓስፖርቱ በሌላው ከተጻፈ በባዕድ ዓይን ሁለት ሰዎች ናቸው። የመሐመድን ስምማ ስንት ዓይነት ሲጻፍ አይተናል! በፓስፖርቱ ያለውን አንዱን ይዛችሁ ሌላውን ሁሉ ወደ እርሱ አስተካክሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጅ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ በ7፥ ከዚያ ወዲያ በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በችኮላ አንዱን ወረቀት በ7 ሌላውን በ8 የቀየረ ሰው ከራሱ ጋራ አንድ ዓመት ይበላለጣል።

በዚህ ስፍራ ደላሎች የሚሰጡት ክፉ ምክር አለ፤ ነጠላ ነኝ ብለህ ሙላ፥ ወይም እኅቴ ናት በል፥ ይቀልልሃል ይላሉ። አብርሃምን ክርስቲያኑም እስላሙም አባቴ ይለዋል፤ እርሱም በረሃብ ዘመን ወደ ግብጽ ሲወርድ ፈርቶ ስለ ሣራ ይህንኑ ተናገረ፥ ሣራም ወደ ፈርዖን ቤት ተወሰደች። ቃሉ የተነገረው ለመዳን ነበረ፤ ዋጋውን ለመክፈል የቀረበችው ግን ሚስቲቱ ናት። ዛሬም በቅጽ ላይ ያልተጻፈች ሚስትን በኋላ ባሌ ነው፥ ሚስቴ ናት ብሎ ማስጠራት እጅግ ይከብዳል፤ ሐሰቱም ከተገለጠ ሁለቱንም ያስከለክላል።

ከዚህ የባሰ ምክርም አለ። በሰመራ ጎዳና በጋላፊ በኩል ወደ ጂቡቲ፥ ከዚያም ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን የሚያሻግሩ ሰዎች፥ ወረቀት ምን ያደርግላችኋል ይላሉ። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚያ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ሰጥመዋል። ሚስቱን በእንዲህ ያለ ጀልባ የሚያሳፍር ባል እወዳታለሁ ቢል እኔ አላምነውም። ለሥራ የምትሄዱ ብትሆኑ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ሂዱ፥ ውሉንም ሁለታችሁ አንብቡት፤ የቤት ሠራተኛ ውል ለአንድ ሰው የሚጻፍ ነውና አብረን እንኖራለን ብላችሁ በተስፋ ብቻ አትፈርሙ።

ልጅ ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ፥ ለአያት ከመስጠት በፊት ልጁን ራሱን አነጋግሩት። ለገበያ ነው የምንሄደው ብሎ ተደብቆ መውጣት የተለመደ ነው፥ እኔ ግን ጭካኔ እለዋለሁ፤ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ገበያ በሄደ ቁጥር ያለቅሳል። ለቤትና ለንብረት ውክልና ስትሰጡ ቃሉን አጥርታችሁ አስጽፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ እንዲሸጥ የማትፈልጉትን ቤት የመሸጥ ሥልጣን ለማንም፥ ለወንድምም ቢሆን፥ በችኮላ አትስጡ። ወንድማማቾችን የሚያጣላው ብዙውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን በደንብ ያልተጻፈ ወረቀት ነው።

የቀረው ቀላል ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ይወሰዳል፥ ካርዱም ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እንደ እንግሊዝ ያሉ አገሮች ከስድስት ወር በላይ ሊቀመጥ ከሚመጣ ኢትዮጵያዊ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ ምርመራውን ሁለታችሁ በአንድ ቀን አድርጉት፥ ውጤቱንም አብራችሁ ተቀበሉ። ሽሮና በርበሬ፥ ድርቆሽም መልካም ስንቅ ነው፤ ቋንጣና ቅቤ ግን በአውሮፓ በር ላይ ይወሰድባችኋል፥ እናት አልቅሳ ብትሰጥም ከዚሁ ይቅር። ወፍራም ልብስ በሰመራ ገበያ አትፈልጉ፥ ከአዲስ አበባ ግዙ። ትኬቱንም ስታነቡ የሰዓቱን አቆጣጠር አስተውሉ፤ ማክሰኞ 0፡30 የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ሰኞ ከሌሊቱ 6፡30 ነውና፥ ማክሰኞ ማታ ከቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም። ከሰመራ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፥ የጭነት መኪናም ይበዛበታል፤ በመኪና የምትመጡ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ግቡና እደሩ።