ፕሮክሲ ትልልቅ ፋይሎችን ለምን አያስቀምጥም?

በአንድ ትምህርት ቤት 30 ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። ሁሉም ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያሳልፍ በአንድ መሥመር ነው። ለሁሉም 600 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ያስፈልጋል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፥ ፋይሉ 4,800 ሜጋቢት ይሆናል፤ ይህም ለ4 ሲካፈል 1,200 ሴኮንድ ወይም 20 ደቂቃ ነው። ሠላሳዎቹ ኮምፒዩተሮች ለየብቻቸው ቢያወርዱት ግን 10 ሰዓት ይፈጃል። የትምህርቱም ቀን በዚሁ ያልቃል።

ይህን ብክነት ለማስቀረት የሚያገለግለው ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ማለት በተማሪዎቹ ኮምፒዩተሮችና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ የተጠየቀውን የሚያመጣ፥ ቅጂውንም በጎተራው የሚያኖር አገልጋይ ነው። ሁለተኛ ጠያቂ ሲመጣ ከጎተራው ያወጣለታል እንጂ እንደገና ሩቅ መንገድ አይሄድም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የጀመረው ስኩዊድ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ነው፤ ያለ ዋጋም ይገኛል።

ይሁን እንጂ ስኩዊድ ትንንሹን ሥዕል እያስቀመጠ ትልቁን ፋይል የሚተውበት ጊዜ አለ። ይህ ሲያጋጥም በግምት ከመነካካት በፊት መዝገቡን ማንበብ ይገባል። አንዱን ፋይል ከሁለት ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ አውርዶ አክሰስ ሎግ የተባለውን መዝገብ መመልከት ነው። በሁለተኛው ጊዜ «ሂት» የሚል ቃል ከተጻፈ ፋይሉ ከጎተራ ወጥቷል፤ «ሚስ» ከሆነ ግን እንደገና ከውጭ መጥቷል። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የመጠን ወሰን። ስኩዊድ ካልታዘዘ በቀር ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ፋይል አያስቀምጥም። ስለዚህ «ማክሲመም ኦብጀክት ሳይዝ» የተባለውን ትእዛዝ ለምሳሌ ወደ 1 ጊጋባይት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ትእዛዙም «ካሽ ዲር» ከሚለው መሥመር በላይ ቢጻፍ ይሻላል፤ በ3ኛው ተከታታይ እትም ከታች የተጻፈው ሳይሠራ ይቀራልና።

2ኛ/ የጎተራው ጥበት። «ካሽ ዲር» ካልተጻፈ አዲሶቹ እትሞች የሚያስቀምጡት በዲስክ ሳይሆን በሜሞሪ ብቻ ነው፤ በዚያም ለአንድ ፋይል የተፈቀደው በተለምዶ 512 ኪሎባይት ነው። የተጻፈውም ጎተራ 100 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ 600 ሜጋባይት አይገባበትም። በአንድ ስልቻ የጎተራ እህል አይሰፈርም።

3ኛ/ የተቋረጠ ማውረድ። ተማሪው ማውረዱን በመካከል ቢያቆም፥ ስኩዊድም የቀረው እጅግ ጥቂት ካልሆነ በቀር ያቆማል፤ ጎዶሎውንም ፋይል ለሌላ አይሰጥም። ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ የሚጠይቁ ማውረጃዎችም እንዲሁ እንቅፋት ይሆናሉ።

4ኛ/ የላኪው ክልከላ። የፋይሉ ባለቤት «ኖ ስቶር» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ከላከ፥ ፕሮክሲው ቃሉን አክብሮ አያስቀምጥም።

5ኛ/ የተቈለፈ መንገድ። በኤችቲቲፒኤስ የሚያልፈው ነገር ለፕሮክሲው የታሸገ ደብዳቤ ነው፤ መዝገቡም «ተነል» ይላል። ማኅተሙን በመካከል የሚከፍት ስልት አለ፤ ነገር ግን የተማሪውና የመምህሩ የይለፍ ቃል አብሮ ስለሚገለጥ፥ ለፋይል ማስቀመጥ ብቻ ተብሎ ሊደረግ አይገባም። በአንጻሩ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ጥቅሎቹን በኤችቲቲፒም ስለሚያድልና እውነተኛነታቸውን በፊርማ ስለሚያረጋግጥ፥ ለጎተራው የተስማማ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አንዱን ለውጠህ ፈትን፤ መዝገቡን አንብብ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፍ። አምስቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም። በትዕግሥት የመረመረ ግን የ10 ሰዓቱን ሥራ በ20 ደቂቃ ማውረድና በጥቂት የውስጥ ማደል ይጨርሳል፤ የተረፈውም ሰዓት ለትምህርት ይውላል።