የመጀመሪያውን እርምጃ አንዝለል
(በምእመናን መካከል ስለሚነሣ ጠብና ስለ ዕርቅ የቀረበ ትምህርት)



የዛሬውን ትምህርት የምጀምረው በራሴ በደል ነው። ለጉዞ ካዋጣነው ገንዘብ ላይ ጎደለ። ገንዘቡን ይይዝ የነበረው ወንድማችን አብሮኝ ያደገ፣ በመዝሙር ሰዓትም ከጎኔ የሚቆም ነው። እኔ ግን ለብቻው ጠርቼ፣ «ወንድሜ፣ ነገሩ እንዴት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። በስብሰባ መካከል ተነሥቼ ሃምሳ ሰው እየሰማ፣ «ገንዘቡ የት ገባ?» አልሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ለመኪና ቀብድ መከፈሉ ታወቀ፤ ደረሰኙም በሌላ ሰው ደብተር ውስጥ ተገኘ። እርሱ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ወደ መካከላችን አልተመለሰም። እኔም አፍሬ ዓመት ሙሉ ዝም አልሁ። በዚያው ዓመት ተራዬ ሲደርስ ስለ ፍቅር አስተምራችሁ ነበር።

እንግዲህ በደሌ ከየት እንደ ጀመረ በቅዱስ መጽሐፍ ብርሃን አብረን እንመልከት።

፩. ጌታ የሠራልን ሥርዓት

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ከቁጥር 15 እስከ 17 ጌታችን ሦስት ደረጃ አሳይቶናል። ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ ብቻህን ሆነህ ለእርሱ ብቻ ንገረው። ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። እነርሱንም ባይሰማ ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን ይነገር።

ደረጃዎቹ በዚህ ቅደም ተከተል የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው የወንድማችንን ስም ይጠብቃል፤ እኛንም ካላጣራነው ወሬ ያድነናል። በሁለተኛው የሚመጡት ሰዎች የሁለቱንም ቃል የሚሰሙ ምስክሮች እንጂ የእኛ ደጋፊዎች አይደሉም። ሦስተኛው የሚመጣው እነዚህ ከተሞከሩ በኋላ ነው። እኔ ከሦስተኛው ጀመርሁ። ወንድሜን ብቻውን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

በመጨረሻም አልሰማ ያለው እንደ ቀራጭ ይቈጠር ይላል። ነገር ግን ይህን የጻፈልን ቅዱስ ማቴዎስ ራሱ ጌታ ከቀረጥ መቀበያው የጠራው ቀራጭ መሆኑን አንርሳ። ከተለየ በኋላም ቢሆን የመመለሻው በር አይዘጋም።

በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 5 ቁጥር 23 እና 24 ደግሞ ሌላ ትእዛዝ አለ። ወንድምህ በአንተ ላይ ቅሬታ እንዳለው ካሰብህ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ልብ በሉ፤ ምዕራፍ 18 የተበደለው ይሂድ ይላል፣ ምዕራፍ 5 የበደለው ይሂድ ይላል። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። «እርሱ ይምጣ» ብሎ ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው በሁለቱም ምዕራፍ ማመካኛ አልተተወለትም።

፪. የቆሮንቶስ ምእመናን ምሳሌ

በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ዚህ ዓለም ጥቅም ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ሲከስስ ሰምቶ አዘነ። ከመካከላችሁ የሚሸመግል አንድ አስተዋይ ጠፋን? ከመካሰስ ይልቅ መበደልን ለምን አትመርጡም? የሚል አሳብ አቀረበላቸው። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ዝሙት፣ ስለ ስርቆት፣ ስለ ስካር ይናገራል። ጠብና ምግባር የተያያዙ ስለሆኑ ነው። ልቡ በስስት የተያዘ ሰው ዛሬ በድንበር፣ ነገ በሌላ ነገር መውደቁ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ይህ ቃል በደልን ለመሸፈኛ እንዲሆን አልተጻፈም። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ በግፍ ሊፈረድበት በደረሰ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሎአል (የሐዋርያት ሥራ 25፡11)። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። ሴት ልጅ የተደፈረች እንደ ሆነ፣ ወይም ሰው ተደብድቦ አካሉ የጎደለ እንደ ሆነ ግን ሽማግሌ ልኮ አፍ ማዘጋት ዕርቅ አይባልም። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ሕግ ይሂድ፤ እኛም ከተጎዳው ጎን እንቁም።

፫. በአገራችን ያየነው

እኛ በጋሞ ምድር የምንኖር ወጣቶች ለዚህ ትምህርት ሩቅ አገር ምሳሌ ፍለጋ አንሄድም። በደጋው በየአካባቢው ያለው ዱቡሻ ሰው ተቀምጦ የሚደማመጥበት አደባባይ ነው። ተናጋሪው ቃሉን ሳይጨርስ አይቋረጥም፤ ነገሩም አንድ አሳብ ላይ እስኪደረስ ይመከርበታል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ብዙ ወገኖቻችን ተገድለው፣ ብዙዎችም ከቤታቸው በተፈናቀሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ የተቈጣው ወጣት ለበቀል ወጥቶ ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ኀዘኑ የአባቶችም ኀዘን ነበር፤ ይሁን እንጂ በቡራዩ ያልነበረ ሰው በአርባ ምንጭ እንዲከፍል አልፈቀዱም። ወጣቱም ሣሩን አልረገጠም፤ ተመለሰ። አባት ለልጁ ሲንበረከክ ማየት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ ከ20 ዓመት በላይ በአገር ውስጥና በውጭ ተለያይተው የነበሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ታርቀዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አባቶች የዚያን ያህል ዘመን የቆየ መለያየት ከተዉ፣ እኛ የአንድ ጉዞ ሒሳብ እንዴት ያቅተናል?

፬. እኛስ ምን እናድርግ?

ከብርብር እስከ ሐይቁ ዳር የሚያጣላን ነገር የታወቀ ነው። የሙዝ ማሳ የውኃ ተራ፣ ድንበር፣ ውርስ፣ ብድር፣ በእኛም በወጣቶች ዘንድ ሐሜት ነው። ስለዚህ፦

ሀ) ወሬ ስንሰማ ለሦስተኛ ሰው ከመናገራችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ።
ለ) ቁጣችን ፀሐይ ሳይገባበት እንዲበርድ እንትጋ (ኤፌሶን 4፡26)።
ሐ) የወሰድነውን እንመልስ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ ይቅርታ ብቻ አልጠየቀም (ሉቃስ 19፡8)።
መ) ካቃተን ንስሐ አባታችንን ወይም አንድ አስተዋይ ሰው እናማክር።

አሁን ታሪኬን ልጨርስ። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ እነሣለሁ። አንድ እሑድ ወደ ግራ ስዞር የእርሱ ቦታ ባዶ መሆኑ ከበደኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ይቅርታ ስጠይቀው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ስትሰድበኝ ሃምሳ ሰው ነበረ፤ ይቅርታ ልትለኝ ግን ብቻህን መጣህ» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ብቻችንን መሄድ ያለብን ለወቀሳ ነው፤ በአደባባይ የገፈፍነውን ክብር ግን በአደባባይ መመለስ ይገባናል።

ስለዚህ ባለፈው ጉባኤ በፊታችሁ ቆሜ የተናገርሁትን ዛሬ በጽሑፍ እደግመዋለሁ፤ ወንድማችን ገንዘብ አላጎደለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርሱ እስካሁን ወደ መዝሙር አልተመለሰም። ነገር ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆሞ ያነጋግረኛል፤ እናቱም በቀደም ቡና ጠርተውኛል። እናንተም ብታገኙት ቦታው እንደሚጠብቀው ንገሩት።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ብቻችንን ሄደን ልናነጋግረው የሚገባን ሰው አለን? ምን አዘገየን?
2. ለዕርቅ የሚበቃውንና ወደ ሕግ መሄድ ያለበትን በደል በምን እንለያለን?
3. ጌታ ከቀራጮች ጋር የነበረው አቀራረብ ከእኛ የራቁትን እንዴት እንድንይዝ ያስተምረናል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።